የዘገየው የጫጉላ ሽርሽር
ሦስት ቀን በገዛ ከተማችን እንግዳ ሆነን

ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ተፈጽመው፣ ሌሊቱ በጧፍ ብርሃንና በእልልታ ነግቶ፣ እነሆ የፋሲካው ማዕድ ተዘርግቷል። ከዛሬ አንሥቶ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ የሚዘልቀው በዓለ ሃምሳ ጾምና ስግደት የሌለበት፣ ረቡዕና ዓርብም የሚበላበት የደስታ ወቅት ነው። በአገራችን ልማድ ዘመድ የሚጠየቀው፣ ሙሽራ የሚዳረው፣ ድንኳን የሚተከለው በዚሁ ወራት ነው።

ሆኖም ወደ እያንዳንዱ ቤት ጠጋ ብለን ብንመለከት፣ በዓሉ ለሁሉም እኩል አይደርስም። እናት ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ወጥ ስታማስል፣ እንግዳ ስታስተናግድ ትውላለች። አባት ስለ ቅርጫው ሲሟገት፣ ደጅ ደጁን ሲያይ፣ መጪውን ሲቀበል ሂያጁን ሲሸኝ ይመሻል። ባልና ሚስት በዓሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳልፉታል እንጂ ጎን ለጎን ሆነው የሚቀመጡበት አንዲት ሰዓት እንኳ አያገኙም። እኛም ለብዙ ዘመን በዓልን ያሳለፍነው እንዲሁ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከፋሲካው ሳምንት ሦስት ቀን ወስደን፣ አዲስ አበባን እንደ ሩቅ አገር ሰው ልንጎበኛት ወጣን። ያየነውንና የሳቅንበትን ለአንባብያን ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

እኛ የምንለው ባልና ሚስት ሆነን ነው። በአንድ ድምፅ ለመጻፍ ተስማምተናል፤ አሳባችን በተለያየበት ቦታ ብቻ “ባልየው” እና “ሚስቲቱ” እያልን እንለያያለን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የተጋባነው የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ዛሬ ወጣቶች “የጫጉላ ሽርሽር” የሚሉት ነገር በእኛ ጊዜ ለባለጸጋ እንጂ ለደመወዝተኛ አልነበረም። ባልየው በአራተኛው ቀን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሚስቲቱም የድግሱን ድስትና ሳህን ለባለቤቶቹ ስትመልስ ሰነበተች። ከዚያ በኋላ ልጅ መጣ፣ ኑሮ መጣ፣ ዓመታትም ነጎዱ።

አሁን ልጆቻችን አድገው፣ ለሠላሳ ሁለተኛው ዓመታችን ገንዘብ አዋጥተው “ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሂዱና ዕረፉ” አሉን። ባልየው ሻንጣውን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ አቧራውን ማራገፍ ጀምሮ ነበር። ሚስቲቱ ግን “እኔ በዚህች ከተማ አርባ ዓመት ስኖር የማውቀው ገበያዋን፣ ክሊኒኳንና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቷን ነው፤ ያላየሁት ከተማ እዚሁ እያለ ምን ወዲያ ያደርሰኛል?” አለች። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘና ሻንጣው ወደ ቦታው ተመለሰ። ደንብም አወጣን። አንደኛ፣ ከቤት የምንወጣው ጠዋት ነው፤ የምንመለሰውም ሲመሽ ነው። ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ ስለ ቤት ወጪ አይነሣም። ሁለተኛው ደንብ ገና ታክሲ ሳንሳፈር ተሻረ።

ዓርብ፤ ጊዮርጊስና ፒያሳ

በትንሣኤው ሳምንት እያንዳንዱ ቀን የራሱ መጠሪያ አለው። ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ትባላለችና ጉዟችንን ከመናገሻ ገነት ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ጀመርን። ሕንጻው ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራ ሲሆን፣ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ካቴድራል ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም ያስጌጡታል።

በግቢው ባለው ቤተ መዘክር የነገሥታቱን የዘውድ በዓል አልባሳት ስንመለከት፣ ሚስቲቱ የካባውን ጥልፍ ከመስተዋቱ ላይ ሳትነቀል ቆየች። ባልየው “ይህን የሚያህል ካባ ለብሶ ደረጃ መውጣት እንዴት ይቻላል?” ቢላት፣ “አንተ በሰርግህ ቀን የተዋስከው ካባ አይደለም እንዴ አደናቅፎህ ሚዜው የያዘህ?” ብላ መለሰችለት። አስጎብኚው ወጣት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ ሲሉ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ይታያሉ። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከቦታው አንሥቶት ነበር፤ አገር ነፃ ስትወጣ ግን ንጉሡ ከነፈረሳቸው ተመልሰዋል። ከጎኑ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛል። የከተማዋ የዜሮ ኪሎ ሜትር ምልክትም እዚያው ነው። ባልየው እምልክቱ ላይ ቆሞ “እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን እንቁጠር፤ ከቤታችን ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?” ቢል፣ ሚስቲቱ “የእኛ ዜሮ ኪሎ ሜትርማ ሌላ ቦታ ነው” አለችው።

እውነትም ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ሳንርቅ በዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ ከመጋባታችን በፊት በየሳምንቱ ቅዳሜ የምንገናኝበት አንድ ኬክ ቤት ነበረ። ጠረጴዛዎቹ አራት፣ ወንበሮቹ የሚንቋቋ፣ ሻዩ ግን የማይዘነጋ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እርሱም አብሮ ሄደ። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ አደባባዩ ጸድቷል፣ ዛፍም ተተክሏል። እኛ ግን ቦታውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ባልየው “በሩ እዚህ ነበረ” ሲል፣ ሚስቲቱ ዐሥር እርምጃ ወደ ታች ወርዳ “እዚህ ነው፤ ከበሩ ፊት የውኃ መውረጃ ቦይ ስለነበር ሁልጊዜ እጄን ትይዘኝ ነበር” አለች። ቦዩም የለም። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን።

አንድ መንገደኛ ወጣት ሁኔታችንን አይቶ ቀረበና “አባባ፣ እማማ፣ ምን ጠፋባችሁ?” አለን። ሚስቲቱ “ኬክ ቤት” አለችው። እርሱም በቅንነት “ኬክ ቤትማ እዚያ ማዶ አለላችሁ” ብሎ በጣቱ አመለከተን። ሳቃችን መጣ። ልጁ ግን ትክክል ነበር፤ ኬክ ቤት ማዶ አለ። ተሻግረን ገባን። በሌላ ጊዜ ዓርብ ማኪያቶ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነውና ወተቱንም ኬኩንም አዘዝን። ሻዩን ከድሮው ጋር አላነጻጸርነውም።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በኩል አለፍን። እኚህ አባት ለወራሪው አልገዛም፣ ሕዝቤም እንዲገዛ አልመክርም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን የተቀበሉ ናቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ባልየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሚስቲቱም ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች። የተነሣ ሁሉ ጠፍቶ እንደማይቀር ይህ ሐውልት አስታወሰን።

ቅዳሜ፤ የቅዱሳት አንስት ቀን

የትንሣኤው ሳምንት ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ትባላለች። በትንሣኤው ማለዳ ወደ መቃብሩ ገሥግሠው የምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት ሴቶች ይታሰቡባታል። ሚስቲቱ ይህን ምክንያት አድርጋ “ዛሬ መንገዱን የምመራው እኔ ነኝ፤ የማየውም ሴቶችን ነው” ብላ ዐወጀች። ባልየው የምሳውን አገልግል ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ።

መጀመሪያ አራት ኪሎ ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄድን። እቴጌ መነን ከባለቤታቸው ጎን ያረፉት በዚህ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በዚያ ያረፈው ከሕልፈታቸው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመሆኑ እቴጌይቱ ባለቤታቸውን በመቃብር ለረጅም ዘመን ጠብቀዋል። ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ “አየህ፣ እኔ አንተን ሁለት ሰዓት ታክሲ ፌርማታ ላይ ብጠብቅህ ምን ያስደንቃል?” አለች።

በግቢው ከአርበኞቹ መቃብር ጋር የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ትባላለች። በአገሯ ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለች፣ ፋሽስት ኢትዮጵያን ሲወርርም ለእኛ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን አቋቁማ ለዓለም የጮኸች ሴት ናት። በስተርጅና መጥታ በአዲስ አበባ ኖረች፤ ያረፈችውም መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ነው። መቃብሯ ላይ አበባ አልነበረም። ሚስቲቱ ከግቢው በር ከአንዲት ልጅ አደይ የመሰለ ቢጫ አበባ ገዝታ ተመልሳ አኖረች።

ከዚያ ሽቅብ ተጉዘን ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። እዚያ ድንቅነሽን አገኘናት። በአፋር ሐዳር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ይህች ጥንታዊት ፍጡር 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናት ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ከአጥንቷ መካከል 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለሕዝብ የሚታየው አምሳያው ሲሆን፣ ዋናው በጥንቃቄ ይጠበቃል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ነው፤ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ታህላለች። ለጉብኝት የመጡ ሕፃናት ከበዋት ከቁመታቸው ጋር ሲያስተያዩ፣ አንዲቱ “እኔ እበልጣታለሁ!” ብላ ጮኸች። መምህሯ “በዕድሜ ግን ትበልጥሻለች” አላት። ባልየው በዚህ መልስ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ምሳችንን በአገልግሉ ከያዝነው የፋሲካ ዶሮና ድፎ ዳቦ ተመግበን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። በአደባባዩ መካከል የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፈው የከተማችን ሕዝብ መታሰቢያ ነውና እዚያ ቀልድ የለም፤ ዞረን አየን፣ ነፍስ ይማር ብለን አለፍን።

ከአደባባዩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲዘለቅ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው፣ በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ተጀመረበት። ሕንጻው ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች እንደ ጥንቱ ተጠብቀዋል። ሚስቲቱ ክፍሎቹ የተለያዩ መሆናቸውን አይታ “ያንኮራፉ ነበር ማለት ነው” ስትል ባልየው ነገሩ ወደ እርሱ እንዳይዞር ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ መራን።

ውጭ የጠበቀን ግን ከሁሉ የሚያስቅም የሚያስተምርም ነበር። ፋሽስቶች ከሕንጻው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ፣ ሽቅብ ብቻ የሚዞር የሲሚንቶ ደረጃ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ አንዳንድ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ ነው። ከነፃነት በኋላ ግን አባቶቻችን ደረጃውን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበትና የእርሱ መቀመጫ አደረጉት። ባልየው ቆጥሮ ዐሥራ ሦስት ናቸው አለ። ሚስቲቱ ቆጥራ ዐሥራ አራት አለች። እንደገና አብረን ቆጠርን፤ ዐሥራ አራት ሆነ። ባልየው “ሙሶሊኒ አንድ ዓመት አጭበርብሮ ነው” ብሎ ተከራከረ።

ዳግማይ ትንሣኤ፤ እንጦጦ

እሑድ የጋብቻችን ቀን ነበር። ቅዳሴ አስቀድሰን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። “በሽሮ ሜዳ በኩል” የሚለው ሐረግ በጽሑፍ አጭር ነው፤ በተግባር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሸማኔዎቹ የሰቀሉት ቀሚስና ነጠላ ዓይን ይይዛልና ሚስቲቱ ጥለቱን ሁሉ ጠየቀች፣ ዋጋውን ሁሉ ተከራከረች፣ በመጨረሻም ምንም ሳትገዛ ወጣች። ባልየው ተመልሶ ሮጠና ሁለት ጊዜ ያነሣችውን ነጠላ ገዝቶ መጣ። የከፈለውን ስትሰማ “ሃያ ዓመት ስታገበይ ምንም አልተማርክም” ብትልም፣ ነጠላውን ግን እዚያው ለበሰችው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ የተወለደችው ከዚህ ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በተራራው ላይ አድርገው ሳለ፣ ብርዱ ጠንካራ፣ ውኃውና እንጨቱም ሩቅ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከታች ከፍል ውኃው አካባቢ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲሲቱ ከተማ ተቆረቆረች፤ “አዲስ አበባ” ብለው የሰየሟትም እርሳቸው ናቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ባሕሩን የመረጠችው ሚስት ነበረች። ሚስቲቱ ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አስደገመች።

ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላም ማገዶ አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር አሳብ ነበር። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ተራራውን ያለበሰው ይኸው ዛፍ ሲሆን፣ እናቶች ለረጅም ዘመን ከጀርባቸው የሚከብድ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱበት የኖሩትም ይህንኑ መንገድ ነው። በእንጦጦ ማርያም ተሳልመን፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡበትን ደብር ዞረን አየን። ከጎኑ ያለው ቤተ መንግሥት ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። ከዚህች ቤት ሆኖ ያን የሚያህል አገር መምራት እንዴት ይቻላል ብለን ተደነቅን።

ከሰዓት በኋላ በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዘለቅን። ዳግማይ ትንሣኤ ነውና ሙሽሮች ከየአቅጣጫው መጥተው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። አንዱ ሙሽራ ሌላውን ላለመርገጥ ቬሎ እየተነሣ ይታለፋል። ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እግራችንን ስናሳርፍ ፎቶግራፍ አንሺው በትሕትና “አባቴ፣ እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብትሉልን” አለን። ልንነሣ ስንል ሙሽራዪቱ “አይ፣ አይነሡ! እንዲያውም መሐል ይሁኑና ይመርቁን” ብላ ከአጠገባችን ተቀመጠች። ሙሽራውም ጎንበስ ብሎ ጉልበት ሳመ።

ባልየው “እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፤ ውለዱ ክበዱ” ብሎ መረቀ። ሚስቲቱ ጨምራ “ዓመት በዓሉን ሁሉ አንድ ቀን ለራሳችሁ አስቀሩለት” አለች። ሙሽራው “ለእናንተ ስንት ዓመታችሁ ነው?” ሲል ጠየቀን። “ዛሬ ሠላሳ ሁለት” ብንለው ሚዜዎቹ እልልታውን አቀለጡት። ለሠላሳ ሁለት ዓመት የዘገየው የጫጉላ ሽርሽር፣ ሳይጠራ በመጣ የሰርግ ጭፈራ ታጀበ።

ከተራራው ጫፍ ቁልቁል ስንመለከት ከተማዋ በሙሉ ተዘርግታ ታየችን። ባልየው በጣቱ እያመለከተ የቤታችንን አቅጣጫ ሲፈልግ፣ ሚስቲቱ ሌላ ነገር አሰበች። “የኬክ ቤቱን ነገር ለልጆቹ ነግረናቸው እናውቃለን?” አለች። አልነገርናቸውም። እዚያ ወንበር ላይ ሆነን፣ ቦታው የት እንደነበረ፣ ምን እንደተባባልን፣ ቦዩን እንዴት እንደምንሻገር አንድ በአንድ ተነጋግረን ለየን። ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ያሰፈርነውም ስለዚህ ነው። ሐውልት የተነሣ እንደሆነ ተመልሶ ይተከላል፤ የቤተሰብ ታሪክ ግን የሚተከለው በአፍ ብቻ ነው።

ለአባወራና ለእማወራ

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ምቹ ጫማ፣ ከፋሲካው ማዕድ የተቋጠረ አገልግል፣ ለታክሲና ለመግቢያ የሚሆን ጥቂት ብር ይበቃል። መታወቂያ መያዝ አይዘንጋ። አብያተ ክርስቲያናትን ለመጎብኘት ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜ መምረጥ ይገባል። በሌላ ከተማ ያላችሁም ብትሆኑ ጎንደር የነገሥታቱ ግንብ፣ ሐረር ጀጎሉ፣ አክሱም ሐውልቶቹ ከደጃችሁ አሉ። የሦስት ቀን ጊዜ ባይገኝ አንድ ከሰዓት በኋላም ይሆናል። ዋናው ሁለት ሆኖ መውጣት ነው፤ ብቻውን የወጣ ሰው ሕንጻውን ያያል፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር የወጣ ግን ሕንጻውንም የራሱንም ዕድሜ ያያል።

በዓለ ሃምሳው ገና ከፊታችን ነው። ድስቱ ይቆይ፤ ሳህኑም ነገ ይታጠባል። እናንት ባሎች፣ ሚስቶቻችሁን ከማድቤቱ አውጧቸው፤ እናንት ሚስቶች፣ ባሎቻችሁን ከወንበሩ አስነሡአቸው። ከተማችሁ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች።

መልካም የትንሣኤ በዓል!